«ውታፍ?» ሳልባል የወጣሁ ቀን

ባለፈው እሁድ አንድ ሰውዬ ከአዲስ አበባ ነጭ ጀልባ በመኪና እየጎተተ መጣና ጀልባ የምናወርድበትን ተዳፋት ግጥም አድርጎ ዘጋው። ሲሚንቶው መሃል ላይ ቆሞ የበረዶ ሳጥኑን፣ የልጆቹን ኮፍያ፣ ሀብሐቡን ሳይቀር አንድ በአንድ ወደ ጀልባው ይጭናል። ከኋላው አራት ጀልባ ተራ ይጠብቃል። በጀልባዬ ሀይቁን የማዞራቸው እንግዶቼ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «አንተ ሰውዬ፣ ቤት መልቀቅህ ነው ወይስ ሀይቅ መውረድህ?» ልለው አፌን ከፍቼ ሳለ ዓይኔ ከጀልባው ኋላ፣ ከታች፣ አንዲት ቀዳዳ ላይ አረፈ። ባዶ ናት። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። በዚያች ቀዳዳ ውስጥ የአሥራ ስምንት ዓመቷን እኔን አየኋት።

ለማያውቅ ልንገር። የሞተር ጀልባ ከኋላው አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። ደረቅ ላይ ሲያድር የዝናቡ ውሃ በእሷ ይፈሳል፤ ወደ ሀይቅ ሲወርድ በውታፍ ትደፈናለች። ታዲያ እኛ ዳር አንድ ወግ አለ። ጀልባ ለብቻው አይወርድም። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃ ይገባና ይገፋል። ከመግፋቱ በፊት ከገፊዎቹ አንዱ «ውታፍ?» ብሎ ይጮሃል፤ ባለጀልባው «ገብቷል!» ብሎ ይመልሳል። የሚጠይቀው ገፊው ነው። ባለጀልባውማ እንግዳ ይቆጥራል፣ ነዳጅ ያያል፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። አባቴ «ሰው የገዛ ማጅራቱን አያይም» ይል ነበር።

ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። አባቴ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ እግሩ ተሰብሯል። እዚሁ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈራችን ያለችው ቤታችን ውስጥ እግሩን በጄሶ አስሮ፣ ተጋድሞ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይቆጥራል። ጀልባችን ሥራ ከፈታ ሳምንታት ስለሆነው ሊሸጠው ወሰነ። ገዢው ሰኞ መጥቶ ሊያየው ተቀጣጠሩ። እኔ ላብድ ደረስኩ። ገና በልጅነቴ አባቴ ጉልበቶች መሃል ቁጭ ብዬ የሞተሩን እጀታ ስይዝ ያደግኩበት ጀልባ ነው!

«እኔ እነዳዋለሁ» አልኩት።

«አንቺ የምትነጂው አፍሽን ነው።»

«አንድ ቀን ስጠኝ አባዬ። ቅዳሜን ብቻ። ካበላሸሁ ሰኞ ሽጠው።»

በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «ቅዳሜን ሰጥቼሻለሁ። አደራ፣ ዳር ያለውን ሰው አታስቀይሚ። አንተ፣ ጀልባ ከቤንዚን ይልቅ በሰው ነው የሚሄደው።» ለእኔ «አንተ» ያለው ሳያስበው ነው፤ ከጀልባ ጓደኞቹ ጋር ሲያወራ እንደዚያ ነው። እኔ ግን እንደ ሹመት ቆጠርኩት።

ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ነበር። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ማለዳው ታጥቦ ወጥቷል። አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው ጋ ስደርስ የአሳ ሾርባው ከነሚጥሚጣው ይጨሳል፤ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞራዎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው የአሳ ጭንቅላት ይጠብቃሉ። አንድ ሳህን ሾርባ ቆሜ ጠጣሁና ወደ ጀልባችን ሮጥኩ። ውታፉ ሳይነቀል ስለከረመ ዝናቡ ሞልቶታል። ውታፉን ነቅዬ አጠገቡ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩትና ውሃው እስኪንጠፈጠፍ መቀመጫዎቹን እወለውል ጀመር።

ወዲያው ስድስት ተመራቂዎች ጥቁር ካባቸውን እያውለበለቡ መጡ። ከአንደኛው እናት ጋር ሰባት ናቸው። «ጉማሬ ቶሎ የሚያሳየን ማነው? ምሳ ተደግሶ እየተጠበቅን ነው!» ይላሉ። የመጀመሪያ እንግዶቼ!

ተራው ግን የጋሼ ዳንጊሶ ነበር። ጋሼ ዳንጊሶ የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጀልባቸውን ተዳፋቱ ላይ ግማሽ አድርሰው፣ ሁለት እንግዶቻቸውን ዳር አቁመው፣ ገፊ ይጠብቃሉ።

«ምህረት፣ ነይ እስቲ ትከሻሽን አውሺኝ» አሉኝ።

«ዛሬ ቸኩያለሁ ጋሼ! እርስዎ ቀስ ብለው ይውረዱ!»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ዞር ብዬ ተመራቂዎቹን «ጎበዞች፣ ግፉ!» አልኳቸው። ካባቸውን ሰብስበው፣ እየሳቁ፣ በጋሼ ዳንጊሶ ጎን አሳልፈው ገፉኝ። ጀልባው ተንሳፈፈ፤ ዘለው ገቡ። ሞተሩን ሳስነሳ ከኋላዬ ጋሼ ዳንጊሶ አንድ ነገር ሲጮሁ ሰማሁ። እየተቆጡኝ መሰለኝና እጄን አውለብልቤላቸው ሄድኩ።

እንዴት ያለ አነዳድ ነበር! ጀልባው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ውሃውን ይሰነጥቃል፣ ፍንጣሪው ፊታችንን ያጥበናል፣ ተመራቂዎቹ ይዘፍናሉ። እናትየው አንድ እጃቸው ጥላ፣ አንድ እጃቸው ነጠላ ይዞ «ልጄ ቀስ በይ፤ ዲግሪውን ሳንበላው ልትጨርሺን ነው!» ይላሉ። እኔም እስቃለሁ። ሰኞ የሚመጣው ሰውዬ ይምጣና ይየኝ እላለሁ በልቤ።

ጉማሬዎቹ የሚውሉበት ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ጉማሬ አልነበረም። ቄጠማው ብቻ ይወዛወዛል። በዚያ ጸጥታ መሃል እናትየው ወደ እግራቸው አጎንብሰው፣

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ ቅድምም ነበር?» አሉኝ።

ጀልባ ሲሮጥ ውሃው በቀዳዳዋ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ሲቆም ነው የሚገባው። ቁልቁል ሳይ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል። እጄ ኪሴን ዳበሰ። ከዚያ ድንጋዩ ታየኝ፤ ውታፉ ድንጋዩ ላይ።

ሻሼን አውልቄ ቀዳዳዋ ውስጥ ጠቀጠቅኩና ተረከዜን ጫንኩበት። መዋሸት አልችልበትም፤ «ውታፉን ረስቼ ነው የወጣሁት። ውሃ እየገባ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬታችሁን እሰሩ፤ አንድ ሰው በጀሪካኑ ይቅዳ» አልኳቸው። ዘፈኑ ተቆረጠ። ለውሃ መቅጃ የተቆረጠችው ጀሪካን አንዲት ብቻ ስለሆነች አንደኛው ልጅ በምረቃ ቆቡ ሊቀዳ ሞከረ። ቆቡ ጠፍጣፋ ነው፤ ምን ይያዝ። «የአራት ዓመት ልፋቴ ውሃ እንኳ አይቋጥርም!» አለና ሁላችንም ሳቅን፤ እናትየው ግን እያለቀሱ ነበር። ሞተሩን ባስነሳው በውሃው ክብደት ኋላው ዘቀጠና ማዕበሉ ከላይ ይገባ ጀመር። አጠፋሁት። ስለ ሰኞ ማሰብ ያቆምኩት ያኔ ነው። ሰባት ሰው ይዣለሁ።

ያኔ ሞተር ሰማን። ጋሼ ዳንጊሶ ናቸው፤ ብቻቸውን፣ እንግዳ አልጫኑም። ሲቃረቡ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ ማዕበላቸው እኛን እንዳይመታ ዙሪያውን ዞረው ነው የመጡት። ቀኝ እጃቸውን አነሱ። በሁለት ጣታቸው መሃል የእኔ ውታፍ አለች።

ስድብ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ልክ ዳር ላይ እንዳለን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ውታፍ?» አሉ።

«አልገባም፣ ጋሼ!» አልኩ። በዚያ ሀይቅ ላይ እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው ከእኔ በፊት አልሰማሁም።

እናትየውንና ከተመራቂዎቹ ሦስቱን ወደ እሳቸው ጀልባ አሻገርን። ውታፉን ከተትኩ፣ ውሃውን ቀድተን ጨረስን፣ ተከታትለን ተመለስን። ዳር ስንደርስ፣

«ጀልባዎን ማን ገፋልዎ?» አልኳቸው።

«ማንም። ወገቤን ጠይቂው።»

«እንግዶችዎስ?»

«ጠብቁኝ ብያቸው ነበር። ሄደዋል።» ከዚያ ሞተራቸውን እየጠረጉ ቀስ ብለው ጨመሩ። «ለአባትሽ እኔ አልናገርም።»

ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ካልተናገሩ የምናገረው እኔ ነኛ! ማታ ሁሉንም ለአባቴ ዘረገፍኩለት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ማን ገፋልሽ?»

«እንግዶቹ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ሰኞ ሰውዬው ይመጣል» አለ።

ሰኞ ሰውዬው ጫማውን አስወልውሎ መጣ። አባቴም በክራንች ከባጃጅ ወረደ። ሰውዬው ጀልባው ሲሄድ ማየት ፈለገ፤ «በይ ቶሎ አውርጂው፣ ጉዳይ አለኝ» አለኝ። ከፊታችን ግን ጋሼ ዳንጊሶ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው ገፊ ይጠብቃሉ። ሰውዬውን እንደቆመ ትቼው ከነቀሚሴ ውሃ ገባሁ።

«ውታፍ?»

«ገብቷል!» አሉ ጋሼ ዳንጊሶ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

ገፋኋቸው። ጀልባቸው ተንሳፈፈ፤ እሳቸው ግን አልሄዱም። ገመዳቸውን ዳር ለቆመ እንግዳቸው አስያዙና ወርደው የእኛን ጀልባ ሊገፉ መጡ። ሰውዬው ትዕግሥቱ አልቆ «የምትነዳው ይቺ ልጅ ናት እንዴ?» አለ አባቴን።

አባቴ ክራንቹን አሸዋው ላይ ተከለ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምኩህ» አለው። «ነጂ አግኝቻለሁ።»

እልል ልል ስል «ዝም በይ፣ ግፊ» አለኝ።

በፊት ጨዋነት ማለት ለስላሳ አፍ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ለእኔ የተፈጠረ ነገር አይደለም እል ነበር። አፌ ዛሬም ያው ነው። እግሬ ግን ውሃ መግባት ተምሯል።

እናም ባለፈው እሁድ ስድቤን ዋጥኩና ወደ ሰውዬው ሄጄ «ውታፍ?» አልኩት። «ምን አልሽኝ?» አለ። ቀዳዳዋን አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሚስቱ ውታፉን መኪናው ኪስ ውስጥ፣ ከመነጽሩ ሥር አገኘችው። «ሌላ ጊዜ ዕቃህን እዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ጭነህ ጨርስና ና፤ ይሄ ተዳፋት የሁላችን ነው» ማለቴ አልቀረም። ከዚያ አራት ሆነን ገፋነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። እንግዶቼን ይዤ እየተንገላታሁ ስመለስ ሰውዬው ከነጫማው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ የጀልባዬን አፍንጫ ሊይዝልኝ ሁለት እጁን ዘርግቷል። ሲያየኝ ባለ በሌለ ድምፁ፣

«ውታፍ?» ብሎ ጮኸ።

ዳሩ በሙሉ ሳቀ። እሱ የሚጠየቀው ስንወጣ ነው እንጂ ስንመለስ አይደለም! ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የሰውዬውን የረጠበ ጫማ አየሁና ተውኩት።

«ገብቷል!» አልኩት፤ ገመዱንም ወረወርኩለት።