የነቀዝ ክኒኑና እናቴ

ዛሬ ጠዋት እናቴን የእህል ክፍላችን ውስጥ በአፍጢሟ ተደፍታ አገኘኋት።

መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከገበያ እህል እየጠፋ ስለተቸገርን፣ ዘንድሮ የዓመት ቀለባችንን ቡሬ ቤታችን አስገብተን ነበር። ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ሽሮውም አንዲት መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ነው።

ትናንት እናቴ "በቆሎውን ነቀዝ ጀመረው" ብላ የነቀዝ ክኒን ገዝታ ጆንያዎቹ ውስጥ ከተተች። በሩንም ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ኋላ ነው ያወቅኩት። ዛሬ ሽሮ ልታወጣ ገባች፤ ቀረች።

በሩን ስከፍተው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ጮህኩ።

ጎረቤታችን አያ ደምሴ ሮጠው መጡና "ልጄ፣ እንዳትገቢ! የነቀዝ ክኒን ሽታ ነው፣ ጋዙ መርዝ ነው!" ብለው ገፈተሩኝ። ራሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ገብተው ጎትተው አወጧት።

ወደ ሆስፒታል በወሰደን ባጃጅ ውስጥ "እማ፣ አናግሪኝ" እላታለሁ፤ እሷ ታስመልሳለች እንጂ አትመልስም።

ከሰዓት ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰላችሁ? "ነቀዙስ ሞተ?"

ሐኪሙ "ልቧን እየተከታተልን ነው፣ እስከ ነገ ምንም አንልም" ብለዋል። አያ ደምሴም ደጅ ተቀምጠው ያስላሉ፤ "ተመርመሩ" ብላቸው እንቢ አሉኝ።

እናንተ የዓመት እህላችሁን ከነቀዝ እንዴት ነው የምታቆዩት? እንዲህ የደረሰበት ካለም ይጻፍልኝ። አልጋዋ አጠገብ ነኝ፤ አነብላታለሁ።