አዋላጇ ሚኒስትሩን የጠየቁ ዕለት

በምክር ቤቱ ውስጥ ስማቸውን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። አዋላጇ እንላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ሲያዋልዱ ኖረው፣ ለምርጫ ሲወዳደሩ ያሸነፉት ያለ ብዙ ቅስቀሳ ነው። ከመራጩ ግማሹን በገዛ እጃቸው ተቀብለውታል፤ የቀረው ደግሞ ሚስቱን ወይም እኅቱን ይዞ ደጃቸው የቆመ ነው።

እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ከአዳራሹ ጥግ በመስታወት በተከለለች ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የተባለውን ሁሉ እጽፋለሁ። ለዚህ እንጀራዬ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ነገር ተምሬበታለሁና። ከተማርኩት አንዱ፣ ሚኒስትር ሲጨንቀው «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» እንደሚል ነው።

አዋላጇ ይህን መልስ ሁለት ጊዜ ሰምተዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ለጤና ጣቢያቸው የተፈቀደው የውኃ ፓምፕ የት ደረሰ? ምጥ የያዛት ሴት ወደዚያ ስትሄድ ቤተሰቧ ሁለት ጀሪካን ውኃ ተሸክሞ ይከተላታል። ውኃው ካለቀ ባልየው ቁልቁል ወደ ወንዝ ይሮጣል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ በንጽሕና ጉድለት ታማ ከሞት አፋፍ የተመለሰችው በእግዜር ቸርነት ነው። የምክር ቤቱ ዘመን ሊያበቃ ደግሞ የቀረው አንድ የጥያቄ ቀን ብቻ ነበር። ያ ካለፈ አዋላጇ ወደ ቤታቸው፣ ጥያቄውም ወደ መዝገብ ቤት ይገባሉ።

በዚያ ቀን የውኃ ሚኒስትሩ ፋይላቸውን ገልጠው፣ «የተከበሩ ጠያቂ ያነሱት ጉዳይ በሂደት ላይ ነው» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ አዋላጇ እጃቸውን አወጡ።

«ሂደቱ መቼ ጀመረ?»

ሚኒስትሩ ቀና አሉ። «ባለፈው ዓመት።»

«አሁንስ የት ደረሰ?»

«በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው።»

«እሱን ሁሉም ይለኛል፣ ክቡር ሚኒስትር። እኔ አይቼ ካልሆነ አላምንም። ፓምፑን በዓይኑ ያየ ሰው አለ?»

ከሚኒስትሩ ኋላ የተቀመጡት ባለሙያዎች ተተራመሱ። አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ ደረሰች።

«መጋዘን ውስጥ ነው» አሉ ሚኒስትሩ አንብበው።

«ከገባ ስንት ጊዜው?»

ሌላ ወረቀት መጣች። «ሰባት ወር።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አዋላጇ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በሥራቸው ነገር ሲከብድ ድምፅ የሚቀንሱ ሰው ናቸው። «ምን ይዞት ነው የማይወጣው?»

«አስረካቢው ኮሚቴ አልተሟላም። አንድ አባል ጎድሏል።»

«የጎደለው ማን ነው?»

ሦስተኛዋ ወረቀት ስትደርስ ሚኒስትሩ አንድ ጊዜ አነበቧት፤ ገልብጠው ጀርባዋን አዩ። ከዚያ መሐረባቸውን አወጡ።

«የ... የእኔ ተወካይ ነው።»

ሳቁ ጋብ ሲል አፈ ጉባኤው ለአዋላጇ ቀሪ ጊዜ እንደሌላቸው ነገሯቸው። ሴትዮዋ ተቀመጡ። በደንቡ ጠያቂ ሲቀመጥ የድምፅ ባለሙያው ማይክሮፎኑን ይዘጋል። የዚያን ዕለት ግን ባለሙያው እንደማንኛችንም አፉን ከፍቶ ሚኒስትሩን ያይ ነበርና ረሳው።

ሚኒስትሩ ቆመው ቀርተዋል። ፊታቸው ቀልቷል፤ ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። «ፓምፑን... ፓምፑን እኛ...» ይሉና ይቆማሉ። አዋላጇ ይህን ፊት ሠላሳ ዓመት አይተውታል። ምክር ቤት መሆናቸውን ዘነጉ መሰለኝ፣ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው በዚያ በለመዱት የማዋለጃ ክፍል ድምፃቸው፦

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ በርታ! ትንሽ ነው የቀረህ። አየር ሳብና ግፋ!»

ቃሉ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ወጣ። ስብሰባውን በቀጥታ በሚያስተላልፈው ሬዲዮም እንዲሁ። የሚገርመው ሚኒስትሩ እውነትም አየር ሳቡ።

«በአርባ ቀን ውስጥ ይተከላል!» አሉ በአንድ ትንፋሽ።

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልቻልኩም። አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን ሊያነሡ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ፤ መዶሻው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። እኔም በቅንፍ «ረጅም ሳቅ» ብዬ አለፍኩት።

በእኛ ምክር ቤት ረቂቅ ቃለ ጉባኤ በማግስቱ እስከ ቀትር ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል። ቃሉን ከመዝገብ ማንሣት የሚፈልግ አባል በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ምላሽ የሰጠውም መስማማቱን ይፈርማል። በማግስቱ በሬን ስከፍት አዋላጇ ቦርሳቸውን ታቅፈው ቆመው አገኘኋቸው። ዓይናቸው እንቅልፍ አላየም።

«ልጄ፣ ያቺን ነገሬን አንሣልኝ። ባለቤቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ሰዓት የሚያሠራ ሁሉ ‹ግፋ› እያለው ይወጣል አሉ። እኅቴ ደውላ ‹እታለም፣ ምን ነካሽ?› አለችኝ። በስተርጅና መሳቂያ ሆንኩ።»

ወረቀታቸውን ሳይሰጡኝ በሩ ተንኳኳ። ሚኒስትሩ ናቸው፤ ያለ አጃቢ።

«እትዬ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት። ይነሣልዎት፣ ምን ችግር አለው! ሰው አይደለን? የስምምነት ፊርማዬን አሁኑኑ እሰጣለሁ።» ብዕራቸውም ተከፍቶ ነበር።

አዋላጇ ብዕሩን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቃሌ ከተነሣ ምን ይቀራል?»

ደንቡን አወጣሁ። በደንቡ አንድ ቃል ሲነሣ ለእሱ የተሰጠው ምላሽም አብሮ ይነሣል። «የእርስዎ ‹ግፋ› ከወጣ» አልኳቸው፣ «አርባው ቀንም ይወጣል። የሚቀረው ‹በሂደት ላይ ነው› ነው።»

ሚኒስትሩ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ጀመሩ። አዋላጇ ወረቀታቸውን አራት ቦታ አጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት።

«ይቆይ።»

«እትዬ፣ እስቲ ያስቡበት! በትውልድ ፊት እኮ ነው የሚጻፈው!»

«ሠላሳ ዓመት በምጥ ሰዓት ያልተሰደብኩት ስድብ የለም። ሳቅ አይገድለኝም።»

«የእኔስ ክብር?»

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አሉ በሩን እየከፈቱ። «በሰላም ተገላገልክ!»

ቃሉ በመዝገብ ስለቀረ ጋዜጠኞች ቀን መቁጠር ጀመሩ። ሚኒስትሩ በሄዱበት ሁሉ «ስንት ቀን ቀረው?» ይባሉ ጀመር። የጎደለው ተወካይ በሦስተኛው ቀን ተገኘ፤ ለካ እዚያው መሥሪያ ቤቱ ፎቅ ላይ ነበር።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ አባላቱ ለመሰናበቻ ስብሰባ በመጡበት ዕለት፣ በምክር ቤቱ ኮሪደር ሳልፍ የአዋላጇ ስልክ ጮኸ። ደዋይዋ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ እሳቸው ያሠለጠኗት ነች። አዋላጇ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምስጋና እያደረሱ እንደሆነ ገባኝና እኔም በልቤ አሜን አልኩ። በዚያው ቅጽበት ሚኒስትሩ ብቅ አሉ። አዋላጇ ስልኩን በሚኒስትሩ ጆሮ ላይ ለጠፉላቸው።

ሚኒስትሩ አዳመጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈታ አለ፤ ዓይናቸውም እርጥብ ያለ መሰለኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቧንቧ ነው። ከማዋለጃው ክፍል።»

ሚኒስትሩ ትንሽ ጨምረው አዳመጡ። ከዚያ በድንገት ወደ ስልኩ ጮኹ፦

«ልጄ፣ ዝጊው እንጂ! ውኃ እኮ እየባከነ ነው!»

በኮሪደር የተባለ ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።