በሻንዴል ሱሪ ላይ የቀሩት ሁለት መስመሮች

አይሲልዳ ፖቲንገር በፖርት አንቶኒዮ ከተማ የሰው ቀሚስ ሰፍታ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የካዴቶቹ፣ የደንብ ልብስ ለብሰው ወታደራዊ ሰልፍ የሚማሩት ተማሪዎች ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ያውም በነፃ! ከጦሩ የሚመጣው ሃምሳ አለቃ ራንስፎርድም እንደሷው በነፃ ነው የሚያገለግለው። እሱ በዕረፍት ቀኑ ልጆቹን ሰልፍ ያስተምራል፣ እሷ ልብሳቸውን ታስተካክላለች፤ ምሳ ሲደርስ ሁለቱም የሩዝና የአተሩ ድስት አጠገብ ቆመው ይነታረካሉ።

"ሚስ አይሲ፣ ዛሬም ጨው ረሳሽ!"

"አንተ ጩኸትህን ለሰልፈኞችህ አስቀምጥ!"

የአይሲልዳ ዘዴ አንድ ነው። ልጅ ያድጋል፣ አዲስ ሱሪ ግን ቶሎ አይመጣም። ስለዚህ ከሱሪው ግርጌ አራት ጣት ያህል እጥፋት ታስቀራለች፤ ልጁ ሲመዘዝ ትለቅለታለች። የድሮው እጥፋት ነጣ ያለ መስመር ጥሎ ይቀራል። በኮምጣጤ ብትፈትገው፣ በካውያ ብትጠብሰው፣ ወይ ፍንክች!

ከካዴቶቹ አንዷ ሻንዴል በአንድ ዓመት ሁለቴ ተመዝዛ ሱሪዋ ላይ ሁለት መስመር አለ። የዚያን ቅዳሜ ወደ ሥልጠና ካምፕ የሚሄዱ ስምንት ካዴቶች ይመረጡ ነበር። ካምፑን ያለፈ ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ይታጫል፤ ሻንዴል ደግሞ ከዚያ ሌላ ሕልም የላትም። ዕድሜዋም ከዚህ በኋላ አይፈቅድላትም።

አዲሱ መቶ አለቃ ልብስ ሲፈትሽ አጠገቧ ደርሶ ጎንበስ አለ።

"ይሄ ቆሻሻ ምንድን ነው? ሲቪል መሰልሽ እኮ! ከዝርዝሩ ውጪ!"

ሲቪል! እነሱ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አይሲልዳ ደሟ ፈላ። ሲቪል የማይረግጠውን የሰልፍ ሜዳ በነጠላ ጫማዋ እያንጣጣች ገባች።

"ኧረ ዓይን የለህም እንዴ ሰውዬ? ቆሻሻ አይደለም! ልጅቷ ረዝማ ነው! የሰፋሁትም የፈታሁትም እኔ ነኝ!"

"ሚስ አይሲ፣ በእናትሽ ውጪ" አለ ራንስፎርድ በሹክሹክታ።

"አንተ ደግሞ! እጥፋቱን ስፈታ አጠገቤ ተቀምጠህ አልነበር? ዛሬ ምን አፍህን ዘጋው?"

"አለቃዬ ነው" አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

መቶ አለቃው ወደ ሻንዴል ዞረ። "ጥፋቱ ያንቺ ካልሆነ፣ የማን እንደሆነ ራስሽ ተናገሪ።"

ሻንዴል አይሲልዳን ዞር ብላ አየቻት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳዋን አይሲልዳ ቤት የምትበላ ልጅ ናት።

"በይ እንጂ!" ጮኸችባት አይሲልዳ። "የሚስ አይሲ ጥፋት ነው በያ! ምን ይዞሻል?"

ልጅቷ ደረቷን ነፋች፣ ተረከዟን አጋጨች።

"ጌታዬ! ጥፋቱ የሲቪሏ ነው ጌታዬ! የደንብ ልብስ ክብር ምን እንደሆነ አታውቅም!"

ሰልፈኛው ሳቀ። መቶ አለቃውም ፈገግ ብሎ ስሟን መልሶ ጻፈ።

አይሲልዳ "ጎሽ" ብላ ከሜዳው ወጣች። ማንን ትውቀስ? በይ ያለቻት ራሷ ናት። ያችን ስለ ክብር የተባለችውን የመጨረሻ ቃል ግን አላቀበለቻትም፤ ልጅቷ ከራሷ ነው የጨመረቻት። ያን ስትል ድምፅዋ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።