ጋሽ ደቻሳና ያልተመለሰው ራዲዮ

ጋሽ ደቻሳ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። ወንጂ፣ ቆቃና መተሐራ ያላችሁ፣ ለቀብራቸው ያልደረሳችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ ከእኔ እንድትሰሙ ብዬ ነው የምጽፈው። ሌላም ምክንያት አለኝ። እሳቸው ከሠሯቸው ራዲዮኖች አንዱ እስከ ዛሬ በማናውቀው ሰው ቤት አለ፤ ያ ራዲዮ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

እኔ ዘነበች እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ሱቅ ከጋሽ ደቻሳ ጋር ለአሥራ አንድ ዓመት ተካፍለን ሠርተንባታል። በግራ የእኔ የስፌት መኪና፣ በቀኝ የእሳቸው ጠረጴዛ፤ መሃላችን መጋረጃ እንኳ አልነበረም። የእኔ ብጣሽ ጨርቅ ከእሳቸው ዊንጮች መሃል፣ የእሳቸው የሽቦ ቁራጭ ከደንበኛዬ ቀሚስ እጥፋት ውስጥ ይገኝ ነበር። በዚህ ስንት ጊዜ ተኳርፈናል! በማግስቱ ጠዋት ግን «አከም ቡልቴ፣ ዘነብ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ እየጠየቁ ሲገቡ ኩርፊያው የት እንደሚገባ አላውቅም።

በስኳር ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ሆነው ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ራዲዮ የሚበላው የባትሪ ድንጋይ ድሃውን ሰው እንዳስመረረው አዩና ከተጣለ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ሴል ከሚባሉት ትንንሽ ባትሪዎች ደህና ደህናውን እየለዩ፣ በአራት ድንጋይ ይሠራ የነበረውን ራዲዮ በቻርጀር እንዲሠራ ያደርጉት ጀመር። ጉልበቱን ለራዲዮው በሚስማማ ልክ የሚያወርድ ትንሽ ካርድ ያስገቡለታል፤ ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚቆርጥ ሌላ ካርድ ይጨምሩበታል፤ በጎኑ መብራት ይተክሉለታል። ሳጥኑን በእንጨት ይሠሩና ወደ እኔ ይገፉታል። ልብሱን የምሰፋለት እኔ ነበርኩ።

አንድ ጊዜ ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ከወንጂ መጡ። ጋሽ ደቻሳ ራዲዮውን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ እንደገና ፈቱት። የቻርጀሩ መሰኪያ ከኋላ ነበር፤ ወደ ፊት አመጡት። እኔንም በመሰኪያው ዙሪያ ወፍራም ክር እንድሰፋ አዘዙኝ። «ቀዳዳው በጣት መገኘት አለበት። ሰው መጥቶ እስኪሰካላቸው ተቀምጠው መጠበቅ የለባቸውም» አሉ። ሽማግሌው ዳብሰው አገኙት፤ ሰኩት፣ ነቀሉት፣ መልሰው ሰኩት። ጋሽ ደቻሳ ከሽማግሌው በላይ ተደሰቱ።

የማይሻር ሕግ ነበራቸው። ከየትም የመጣ ሴል ይሞላል፤ ከዚያ መደርደሪያ ላይ አንድ ሳምንት ያርፋል፤ ከዚያ እንደገና ይለካል። በሳምንቱ ጉልበቱ የወረደ ከሆነ ወደ መጣያው ነው። «የሞላ ዕለት ሁሉም ደህና ነው። ሳምንት ቆይተሽ ጠይቂው» ይሉ ነበር። ደንበኛ ቢቆጣ፣ ቢለማመጥ፣ ቢያኮርፍ ፍንክች አይሉም።

ሕጉን አንድ ጊዜ ሻሩት። ያሻርኳቸው እኔ ነኝ።

የበዓል ሰሞን ነበር። ሰማያዊ ላስቲክ የለበሱ፣ የሚያብረቀርቁ ሴሎች ከአንድ ነጋዴ ገዝተው ነበር። የቆቃ ዓሣ አስጋሪዎች በር ላይ ቆመዋል፤ ሱቋ መተንፈሻ የላትም። «ጋሽ ደቻሳ፣ እነዚህ እኮ አዲስ ናቸው፤ አዲስ ዕቃ ምን ያርፋል?» አልኳቸው። ሴሎቹን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሳቁና መበየድ ጀመሩ። ስምንት ራዲዮ ወጣ። ስምንቱንም ከአንድ ጣቃ አረንጓዴ ሸራ በቀይ ክር ሰፋኋቸው።

ከወር በኋላ አንዱ ተመልሶ መጣ። ውስጡ አብጦ ስፌቴን በጥሶታል። ጋሽ ደቻሳ ወደ ግቢው አውጥተው፣ ፈትተው፣ ሰማያዊውን ላስቲክ በምላጭ ላጡት። ከሥሩ የተቦጫጨረ፣ ዝገት የጀመረው አሮጌ ሴል ነበር። ነጋዴው አሮጌውን አዲስ ልብስ አልብሶ ሸጦላቸዋል። ሳምንቱን አርፎ ቢለካ ኖሮ ይታወቅ ነበር። እኔን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «ሱቁን ዝጊ፣ እንሂድ» አሉ።

ቆቃ ወረድን። በየጀልባው እየዞሩ «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው፤ መልሱልኝ» ይሉ ነበር። የእኔን ችኮላ ለአንድም ሰው አላነሱም። አንዱ ወጣት እምቢ አለ። «ጋሼ፣ እንደ ጉድ ነው የሚሠራው! ምን ልሁን ብዬ ነው የምመልሰው?» አላቸው። አልተቆጡም። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያወጉት ቆዩ፤ በመጨረሻ ስንመጣ ከቤታቸው ጎራ ብለው የያዙትን የራሳቸውን ራዲዮ ሰጥተው የእሱን ተቀበሉ።

እንዲህ እያሉ ሰባቱን ሰበሰቡ። ስምንተኛውን እሳቸው ምሳ ሊበሉ ወጥተው ሳለ የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ ለአንዲት መንገደኛ ሴት። አባቷ መተሐራ አገዳ እንደሚጠብቁ ነግራኛለች። ስሟን አልጠየቅኋትም። መተሐራ ሁለት ጊዜ ሄደን ጠየቅን፤ የሚያውቃት አልተገኘም። ሦስተኛውን ጉዞ ስናስብ ልባቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ገባሁ። ከሰላምታው በፊት «ስምንተኛው መጣ?» አሉኝ።

«መጣ» አልኳቸው።

«አብጦ ነበር?»

«ኧረ ደህና ነው። ምንም አልሆነም።»

«እሰይ። ሴሎቹን አንድ ላይ እንዳትከቻቸው። ጫፍ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኚና ከደጅ አስቀምጪ።»

«እሺ፣ ጋሽ ደቻሳ» አልኩ፤ በእጄ ስለሌለው ነገር። ዓይናቸውን ከደኑ። ማክሰኞ ጠዋት ተደወለልኝ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሲያለቅስ እኔ ወንበር ሳስተካክል ነበር። «ጠንካራ ናት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥንካሬ አይደለም። ክንድ ሲተኙበት እንደሚደነዝዘው ሁለመናዬ ደንዝዟል። ድንኳኑ ፈረሰ፤ እኔም ሱቅ ከፍቼ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። ትናንት እጥፋት ውስጥ ሽቦ አገኘሁ፤ የምቆጣው ሰው የለም፤ አውጥቼ ጣልኩትና መስፋቴን ቀጠልኩ።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ መተሐራና አካባቢዋ ያላችሁ፣ እባካችሁ ፈልጉልኝ። ከክንድ የማይበልጥ የእንጨት ሳጥን ነው፤ አረንጓዴ ሸራ ለብሷል፣ ስፌቱ ቀይ ነው፣ በጎኑ መብራት አለው። ካገኛችሁት ቻርጀር አትሰኩበት። ከመኝታና ከሣር ቤት አርቁት። ደህና ይሠራል ብላችሁ አትመኑት። ወደ ሱቃችን መልእክት ላኩ፤ ያላችሁበት ድረስ እመጣለሁ።

ጋሽ ደቻሳ፣ ስምንተኛው አልመጣም። ዋሽቼዎታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ክርና ስለ ሽቦ ተጨቃጨቅን እንጂ ዋሽቼዎት አላውቅም ነበር። አልተገኘም ብልዎት ያንን የእጅዎን መርፌ ነቅለው፣ ጫማዎን ፈልገው፣ «ሱቁን ዝጊ፣ እንሂድ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። አይችሉም ነበር፤ እርስዎ ግን ይሞክሩ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት የመተሐራን መኪና እይዛለሁ። እርስዎ ይረፉ፤ አሁን የምሄደው እኔ ነኝ።