የፋርማሲስቷ ቃላት

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰው የሚያናግረው በመስታወት ውስጥ ነው፤ ከጀርባ ቆሞ፣ ማበጠሪያውን ጆሮው ላይ ሰክቶ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ በሳቅ ይገድላል። ቤት ሲገባ ግን አፉን ማን እንደሚቆልፈው እንጃ። «እራት ቀርቧል» ስለው «እሺ»፤ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስለው «ምንም»። በቃ፣ ለእኔ የሚተርፍ ወሬ የለውም።

እኔ ከሱቁ ጓሮ የደንበኞቹን ፎጣ አጥባለሁ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የማልሰማው ነገር የለም። ድሮ ወሬያቸው ኳስና የቤት ኪራይ ነበር። ያቺ ፋርማሲስት ፀጉሯን ማሳጠር ከጀመረች ወዲህ ግን ሌላ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣዋን ይዛ ከች ትላለች፤ የፊልም ሒሱን ታነብለታለች፤ እሱም ያልገባውን ይጠይቃታል።

«'ምልሰት' ደግሞ ምንድን ነው?»

«ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ሲያሳይህ።»

«'ልብ ሰቀላ'ስ?»

«ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያልክ ስትጨነቅ።»

ጭራሽ «አንተ» ትለዋለች! ልብ ሰቀላ አሉ! የእኔን ልብ ሰቅለው እነሱ ይሳሳቃሉ። ያን ቀን ፎጣ እጨምቃለሁ ብዬ ጠርዙን ቀደድኩት። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ቆንጆ ስለሆነች አይደለም፤ ያን ያህልም አይደለችም። እኔን አንድ ነገር ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው።

እልህ ያዘኝ። ትታው የምትሄደውን ጋዜጣ እያነሳሁ ጎረቤታችን ያሉት ጡረተኛ መምህር ዘንድ መሄድ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ 'ጡዘት' የምትባለዋ ምን ማለት ናት?»

«ነገሩ ከርሮ ከርሮ ጫፍ ሲደርስ ነው፣ ልጄ።»

ገባኝ። ፎጣም ስትጠመዝዙት ከዚህ ወዲያ አልዞርም የሚልበት ቦታ አለው። ከዚያ እነሱ ሲያወሩለት የከረሙትን ፊልም ብቻዬን ገብቼ አየሁት።

በማግስቱ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሄጄ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምነው፣ ልትቆረጪ ነው እንዴ?»

«አይ። ያንን ፊልማችሁን አየሁት» አልኩት። «ጡዘቱ የቱ ጋ እንደሆነ ታውቃለህ? ጩኸቱ ላይ አይደለም። ሴትዮዋ ለሁለት ሰው ሳህን አቅርባ ስታበቃ አንዱን ወደ መደርደሪያው የመለሰች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ባሏ መጣ አልመጣ ለእሷ ያው ነው።»

መጥረጊያው እጁ ላይ ቀረ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፤ ደስ አለኝ።

«ኧረ ግሩም ነው!» አለ። «እኛ እንዴት ሳናየው ቀረን? ቅዳሜ ስትመጣ እነግራታለሁ!»

እኛ የሚለው እሱንና እሷን ነው።

«ማን አለ ብለህ ነው የምትነግራት?» አልኩት።

«ማን አለ ይባላል እንዴ? ራሴ አስተዋልኩት እላታለሁ እንጂ። ጉድ ነው የምትለው!» ወንበሩን ወደ ራሱ አዞረና ጎንበስ አለልኝ። «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ፣ እንዳይጠፋብኝ።»

ደገምኩለት። እንደዚያ እያየኝ እንዴት እምቢ ልበለው?