«አላውቅም» ያልኩበት ፈተና

የትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያ ስም ከመጥራቱ በፊት ጠሽ ይላል፤ ዛሬ ልጄን ላደርስ ሄጄ ስሰማው እንኳ ልቤ ስንጥቅ ይላል።

ከአገር ወጥተን ዋይትሆል የምትባል የፈረንጅ ከተማ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ሴቶቹ ከአምልኮ በኋላ ሰብሰብ ብለው አንድ ወሬ ያወሩ ነበር፤ አንዲትን ልጅ ትምህርት ቤት ለብቻዋ ክፍል አስገብተው ጠያይቀው፣ በዚያው ቀን መንግሥት ከናት ካባቷ ወሰዳት የሚል። ማንም አላጣራም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጃኬቴን እየቆለፈች፣ «ብቻሽን ጠርተው ከጠየቁሽ አላውቅም በይ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትለኝ ነበር። እኔም «ኦኬ ማሚ» እል ነበር።

በረዶው ሲከመር ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የሂሳብ መጽሐፉን ጨርሼ ሲሰለቸኝ አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ ሥራ ሁሉ እሠራላት ነበር። አስተማሪዬ ይህን አይታ ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች ክፍል እንድፈተን ወረቀት ላከች፤ እናቴ እንግሊዝኛውን ስለማታነበው የሽርሽር ፈቃድ መስሏት ፈረመች። አንድ ጠዋት ማጉያው ስሜን ጠራ። የማላውቃት ሴት መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል አስገብታኝ በሩን ስትዘጋው፣ በቃ እናቴን ዳግመኛ አላያትም አልኩ በልቤ። የጠየቀችኝን ሁሉ አውቀው ነበር። ሁሉንም «አይ ዶንት ኖው» አልኳት። ፈገግ ባለችልኝ ቁጥር ይብስብኝ ነበር።

ከዚያማ ከደካሞቹ ጋር መደቡኝና ፊደል ያስቆጥሩኝ ጀመር፤ እኔን! አስተማሪዬ ግን ውጤቱን አላመነችም። ጸደይ ሲገባ እናቴን አስጠራች፤ የቤተ ክርስቲያናችን እትዬ አልማዝ እየተረጎሙላት፣ ፈተናው ለምን እንደነበረና እንደገና ሊፈትኑኝ እንደፈለጉ ስትሰማ ክው አለች።

«እኔው ነኝ ጉድ የሠራኋት!» ብላ አለቀሰች። «ግን ቢወስዷትስ እትዬ?»

«ማን ይወስዳታል አንቺ! እዚያው በሩ ላይ ተቀመጪ።»

በማግስቱ እናቴ ኒው አልባኒ ካለው የመጋዘን ሥራዋ ቀርታ የፈተናው ክፍል በር ላይ ተቀመጠች። «የምታውቂውን ሁሉ ንገሪያቸው ልጄ» አለችኝ። በሩ ተዘጋ፤ ከውጭ ስትጸልይ እየሰማሁ፣ እየፈራሁ መለስኩ። አለፍኩም።

ያኔ የእናቴ ፍርሃት ያሳፍረኝ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው የፈተና ፈቃድ ወረቀት በአማርኛ ጭምር ስልኬ ላይ ይመጣልኛል፤ የልጄን አንብቤ ወዲያው ፈረምኩ። በቀደም ለእናቴ ይህን ስነግራት ሳቀች።

«እኔ እኮ እትዬ አልማዝን አላመንኳቸውም ነበር። ይወስዱሻል ብዬ ቆርጬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንድገባ ፈቀድሽ?»

«እኔ ጋ ሆነሽ ከምትደነቁሪ፣ ወስደውም ቢያስተምሩሽ ይሻላል ብዬ ነዋ።»

ልጄን ዞር ብዬ አየኋት። እኔ ብሆን ይወስዷታል ብዬ እያመንኩ አላስገባትም ነበር።