ከይፋግ ወደ ባሕር ዳር፦ የነቀርሳን ቅባት የሚያውቅ ደም ፍለጋ

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር መናኸሪያ ተነሣሁ። በቦርሳዬ ውስጥ አራት ባዶ የደም ቱቦ፣ መርፌ፣ አልኮልና ጥጥ ይዣለሁ። የምሄደው ይፋግ አጠገብ ወደሚኖሩ የቅኔ መምህር ዘንድ ነው፤ መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ። ከእሳቸው ጋር በአንድ ጎጆ ያድር የነበረ ተማሪያቸው በሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም በቲቢ፣ ሞቷል። እሳቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳላቸውም። ዓምና የመጀመሪያውን ደም ሰጥተውኛል፤ ሁለተኛው ካልተገኘ ግን የማነጻጽረው ነገር የለኝም፣ የዓመት ሥራዬም ከንቱ ይቀራል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ዓርብ ያዘጋጀሁት ፈሳሽ ይጠብቀኛል። የነቀርሳ ጀርም የለበሰውን ቅባት የሚያውቁትን የደም ሴሎች ለይቶ የሚያበራ ነው። ሰኞ ቀትር ካለፈ በኋላ አላምነውም፤ ሌላ ከውጭ እስኪመጣም ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እሑድን የመረጥሁት ራሴ ነኝ። በአዘቦት ቀን ያስተምራሉ፣ እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ያርፋሉ ብዬ ነው፤ በብልጠቴም ኮርቼ ነበር።

ሚኒባሱ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በሐሙሲት አድርጎ ወረታ ገባ። ረዳቱ የጠየቀን ሒሳብና ታሪፉ ላይ የተጻፈው አይተዋወቁም፤ ተሳፋሪው ሁሉ አጉረመረመ፣ ሁሉም ከፈለ። ከወረታ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው። ይፋግ ወርጄ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ በጥቁር መሬት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝሁ። ጫማዬ ጭቃ ጠግቦ ከበደኝ።

እሑድ፣ ስድስት ሰዓት

መሪጌታ ከደጃቸው መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

“እንደምን ዋሉ መሪጌታ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ።”

የክንድ ማሰሪያውን ሳወጣ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰበሰቡ።

“ዛሬስ አይሆንም። ሥጋ ወደሙን ተቀብያለሁ። የቆረበ ሰው እንዴት ደሙን ያፈሳል?”

ደነገጥሁ፤ ቀጥሎም በራሴ ተናደድሁ። የቄስ ልጅ ነኝ! አባቴ በቆረቡ ቀን ምራቃቸውን እንኳ አይተፉም፤ እንቅፋት እንዳያደማቸው መሬት መሬት እያዩ ነበር የሚሄዱት። ይህን እያየሁ አድጌ ቀጠሮ ስይዝ እንዴት ረሳሁት? ባዶ ቱቦ ይዤ መመለስ ግን አላሰብሁም።

“ነገስ ጎሕ ሲቀድ?”

“ነገማ እሺ። እዚሁ እደሪ።”

ባለቤታቸው የሩዝ እንጀራ በዓሣ ወጥ አቀረቡልን። ስንበላ መሪጌታ ጠየቁኝ።

“ለመሆኑ ደሜ ውስጥ የምትፈልጊው ምንድን ነው?”

“ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ነው። ጀርሙን በራሳቸው አያውቁትም። ሌላ ሴል ጀርሙን ውጦ፣ ሰባብሮ፣ ከስብርባሪው ጥቂቱን በላዩ ላይ አውጥቶ ሊያሳያቸው ይገባል። ያን ጊዜ ይነቃሉ።”

“ምኑን ነው የሚያሳያቸው?”

“ብዙ ጊዜ ፕሮቲኑን። የነቀርሳ ጀርም ግን የለበሰው ሰም የመሰለ ቅባት ነው። ለቅባት ደግሞ የተለየ መያዣ አለ፤ ሲዲ ዋን እንለዋለን።”

ጥቂት አሰቡና ከግድግዳው ሥር ጧፍ አንሥተው በጭብጣቸው ያዙት። ጫፉን ብቻ ብቅ አደረጉ።

“እንዲህ ነው?”

“ልክ እንዲሁ! ረጅሙ የቅባቱ ጭራ በመያዣው ጉድጓድ ውስጥ ይሸጎጣል፤ ጉድጓዱ ውስጡ ለቅባት የሚስማማ ነው። ራሱ ብቻ ወደ ውጭ ይቀራል። ቲ ሴሉ የሚለየው ያንን ነው።”

ተማሪዎቼን ለማስረዳት ስንት ሰሌዳ የጨረስሁበትን ነገር በአንድ ጭብጥ ጨረሱት። እውነቱን ለመናገር፣ ቀናሁባቸው።

“ያ ተማሪዬስ? እሱ ይህ መያዣ አልነበረውም?”

“ነበረው፤ ሁላችንም አለን። ምናልባት እርስዎ ቅባቱን የሚያውቁ ቲ ሴሎች በርከት ብለው ይኖሩዎት ይሆናል። ያዳነዎ ይህ ይሁን ሌላ ነገር ገና አላውቅም።”

እንጀራውን ትተው እጃቸውን ታጠቡ። “ቅኔውን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር” አሉ። “እኔ ሽማግሌው ተርፌ እሱ መሄዱ አይገባኝም።”

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ገና ሲነጋ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። አራቱም ቱቦ ሞላ። ጭቃውን ምን ያህል በፍጥነት እንዳቋረጥሁት እኔም አላውቅም። ይፋግ ስደርስ ሚኒባስ የለም፤ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አስቁሜ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥሁ።

“ደም ነው የያዝሽው? በረዶ ልግዛልሽ እንዴ፣ እንዳይበላሽ!”

“አይሆንም፣ ብርድ ይጎዳቸዋል።”

“እነማንን?”

“ሴሎቹን። በሕይወት ነው የምፈልጋቸው።”

ሾፌሩ ቦርሳዬን በጥርጣሬ አየና መስኮቱን ዘጋ። ፀሐይ እንዳያገኛቸው ቱቦዎቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ እስከ ባሕር ዳር በጭኔ ያዝኋቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ ቤተ ሙከራዬ ገባሁ። ከቀትር በፊት ሴሎቹን ለይቼ ፈሳሹን ጨመርሁባቸው። ከሰዓት በኋላ በማሽኑ ስክሪን ላይ ከብዙው ግራጫ ነጥብ ተነጥላ አንዲት ትንሽ የምታበራ ክምችት ታየች፤ ቅባቱን የሚያውቁት ሴሎች ናቸው። ዓምናም ነበረች፣ ዘንድሮም አለች። ብቻዬን ሆኜ ጮኽሁ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። የሴሎቹን ሰዓት ስቆጥር የባለ ደሙን ቀን አልጠየቅሁም። በዕድል ነው የተረፍሁ፤ ከእንግዲህ ግን በዕድል አልሠራም።

ወደ ማታ ቤቴ እንደ ገባሁ ለመሪጌታ ደወልሁ።

“ተገኙ?”

“ተገኝተዋል።”

“እንግዲያ እኔን ያተረፉኝ እነሱ ናቸው?”

አዎ ብላቸው ደስ ባላቸው። “አላውቅም መሪጌታ” አልሁ። “ከእርስዎ ጋር የኖሩትን የሌሎቹንም ተማሪዎች ደም ማየት አለብኝ።”

ስማቸውን እየጠሩ ሲቆጥሩ ሰማኋቸው።

“ስምንት ናቸው” አሉ። “ነገ ጠዋት እጠይቃቸዋለሁ። እሺ ላለሽ ሁሉ ቱቦ ይዘሽ ነይ።”